ጎመኑን ማን ይቆርጣል? የእንግሊዟ ቦስተንና ገበያዋ

ቦስተን ሲባል አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ትዝ የሚለው ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈችበት የአሜሪካ ማራቶን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሟን ለአሜሪካዊቷ ያወረሰችው ቦስተን ግን ያለችው በምሥራቅ እንግሊዝ ነው። በሊንከንሻየር ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ፣ ዋሽ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ ተቀምጣለች። ረቡዕና ቅዳሜ ገበያ ይቆምባታል። በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ተጨምረው በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 70 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። እንግሊዛውያን «የገበያ ከተማ» ከሚሏቸው፣ ገበሬው ምርቱን ይዞ ከሚመጣባቸውና የሚፈልገውን ሸምቶ ከሚመለስባቸው በርካታ ከተሞች አንዷ ናት።

በ2016 ብሪታንያ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ፣ ከመላ አገሪቱ ከፍተኛው «ትውጣ» የሚል ድምፅ የተመዘገበው በዚህች ወረዳ ነው። 22,974 ሰው ትውጣ ሲል፣ ትቆይ ያለው 7,430 ብቻ ነበር፤ በመቶኛ 75.6 ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ቦስተን የሚጎበኛት አልጠፋም፤ የሚጎበኟት ግን እንደ በሽተኛ ነው። ጋዜጠኛው ይመጣል፣ ገበያ መሐል ሁለት አዛውንት ያነጋግራል፣ የፖላንድ ሱቅ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ አመሻሹ ላይ ባቡሩን ይዞ ለንደን ይገባል። በማግስቱ የሚወጣው ጽሑፍ ወይ «ዘረኞች ናቸው» ይላል፣ ወይ «የተረሱ ምስኪኖች ናቸው» ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘላሉ። ቦስተን በታሪኳ ሀብታም የሆነችው ከውጭ በመጣ ሰው ገንዘብ ወይም በመጻተኛ ጉልበት ነው። ጥያቄው የውጭ ሰው ይምጣ አይምጣ የሚል ሆኖ አያውቅም። የመጣው ሰው የሚያስገኘው ትርፍ ለማን ይደርሳል፣ ወጪውስ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል የሚል ነው።

ሱፍ ያቆመው ማማ

በ1204 በወደብ ንግድ ላይ በተጣለው ግብር ለንደን 836 ፓውንድ ስትከፍል ቦስተን 780 ከፍላለች። ከአገሪቱ ዋና ከተማ የምታንሰው በ56 ፓውንድ ብቻ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ሱፍ ነው። በመካከለኛው እንግሊዝ ገዳማትና ባላባቶች የሚያረቡት በግ ሱፉ ተሸልቶ፣ በዊተም ወንዝ ተጭኖ ቦስተን ይደርሳል፤ ከዚያ በመርከብ በዛሬዋ ቤልጅየም ወዳሉት የፍላንደርስ ሸማኔዎች ይሻገራል። ገዢው ባዕድ፣ መርከበኛው ባዕድ፣ ብዙ ጊዜ አበዳሪውም ባዕድ ነበር። ሐንዛ በሚባለው ማኅበር የተሰባሰቡት የጀርመን ከተሞች ነጋዴዎች በቦስተን የራሳቸው ቤትና መጋዘን ነበራቸው። በቅዱስ ቦቶልፍ ስም የሚጠራው ዓመታዊ ገበያ ሲከፈት ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጣው ሰው ጎዳናውን ያጥለቀልቀው ነበር።

የዚያ ዘመን ገንዘብ ዛሬም በዓይን ይታያል። በ1309 መሠረቱ የተጣለው የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ታላላቅ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ማማው ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል። አገሩ እንደ ገበታ የተዘረጋ ስለሆነ ከሩቅ የሚታየው እርሱ ብቻ ነው፤ ለዘመናት በዋሽ የሚገቡ መርከበኞች አቅጣጫ ሲይዙበት ኖረዋል። ነዋሪዎቹ «ጉቶው» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ለዚህ ቁመት እንዴት እንደዚያ ያለ ስም እንደወጣለት እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ለእንግዳ የሚነግሩት ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ወደ ማማው የሚያወጣው ደረጃ 365፣ መስኮቱ 52፣ ምሰሶው 12፣ በሩ 7 ነው ይላሉ። በጠራ ቀን ከላይ ሆኖ ላየ ሰው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የሊንከን ካቴድራል ይታያል።

እኔ ግን ቦስተንን የሚጎበኝ ሰው ማማው ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ መዘምራኑ መቀመጫ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ቢያይ እመክራለሁ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠሩት የእንጨት መቀመጫዎች በማጠፊያ ወደ ላይ ይነሣሉ። ሲነሡ ከሥራቸው አነስተኛ የእንጨት ከንፈር ብቅ ትላለች። የእኛ ካህናት ረጅሙን የቁመት ጸሎት በመቋሚያ ተደግፈው እንደሚዘልቁት፣ የእነርሱም በዚህች ከንፈር ላይ አረፍ እያሉ ነበር የሚጸልዩት። ከከንፈሩ በታች ጠራቢዎቹ ያሻቸውን ቀርጸዋል። አንዱ ላይ መምህር ተማሪውን ይዞ በአርጩሜ ሲገርፍ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ቅዱስም መልአክም የለበትም፤ የአንድ ቀን የትምህርት ቤት ውሎ ነው። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም የልጁ ፊት ያሳዝናል።

ሱፉ ግን አልዘለቀም። እንግሊዝ ጥሬ ሱፍ መላኩን ትታ ጨርቁን ራሷ መሸመን ጀመረች፤ የወንዙ አፍ በደለል ተሞላ፤ መርከቦቹ ሌላ ወደብ መረጡ፤ ጀርመኖቹም ሄዱ። በ16ኛው መቶ ዘመን ቦስተን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያላት ድሀ ከተማ ነበረች። የቀራት ክርክር ነው፤ ሃይማኖታዊ ክርክር። በ1607 ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ወደ ኔዘርላንድስ ሊሸሹ የሞከሩ ምእመናን በከተማዋ አጠገብ በመርከቡ አዛዥ ተከድተው ተያዙና እዚሁ ለፍርድ ቀረቡ። በኋላ በሜይፍላወር መርከብ አሜሪካ ከገቡት መካከል ከእነዚሁ ሰዎች ይገኙበታል። ታስረውበታል የሚባለው ጠባብ ክፍል ጊልድሆል በሚባለው የመካከለኛው ዘመን የማኅበር አዳራሽ ውስጥ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይታያል። የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የነበረው ጆን ኮተንም በ1633 አትላንቲክን አቋርጦ ሄደ። የተቀበለችው ከተማ ከሦስት ዓመት በፊት ቦስተን ተብላ ተሰይማ ነበር። ስደተኛ አንቀበልም የምትባለው ከተማ፣ በዓለም የታወቀችው ከራሷ በወጡ ስደተኞች ነው።

ከገበያው አደባባይ ሳንወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስለቆመው ሐውልት አንድ ነገር ልበል። ኸርበርት ኢንግራም ይባላል፤ በ1811 ቦስተን ተወለደ፤ በ1842 ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለውን በዓለም የመጀመሪያውን ባለ ሥዕል ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረተ። ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ ይህ ጋዜጣ እንግዳ አይደለም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊልያም ሲምፕሰን የተባለውን ሠዓሊ የላከው እርሱ ነው። የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን የመጨረሻ ወራት በሚተርኩ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመን የምናያቸው የዘመቻው ሥዕሎች ብዙዎቹ የታተሙት በዚህ ጋዜጣ ነበር። መሥራቹ ይህን ሳያይ በ1860 በአሜሪካ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ በመርከብ አደጋ ሞቷል።

ረግረጉ ሲደርቅ

የዛሬዋ ቦስተን የተወለደችው በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ከተማዋን የከበበው ምድር ፌን የሚባል ረግረግ ነበር። ሰዎች ዓሣ ያጠምዱበታል፣ ዳክዬ ያድኑበታል፣ ሸምበቆ ያጭዱበታል፣ በበጋ ከብት ያሰማሩበታል። በ1766 የባሕሩ ሙላት ወደ ወንዙ እንዳይገባ የሚያግደው ታላቅ የውሃ በር ተከፈተ። ከዚያ በፓርላማ አዋጅ እየተደገፈ ቦይ ተቆፈረ፣ ረግረጉ ደረቀ፣ የጋራ ግጦሽ የነበረው መሬት ተሸንሽኖ ባለቤት ወጣለት። ድሀው ያለ ካሣ የቀረበት ጊዜ ስለነበር ረብሻም ተነሥቷል። በ1819 የተሠራው፣ ሰባት ፎቅና አምስት ክንፍ ያለው የሞድ ፎስተር የነፋስ ወፍጮ በቦዩ ዳር ቆሞ የዚያን የእህል ዘመን ይመሰክራል።

ከረግረጉ ሥር የወጣው አፈር በመላ ብሪታንያ ከሚገኘው ሁሉ ምርጥ ከሚባለው የሚመደብ ነው፤ ድንጋይ የለውም፣ ማረሻ አያደናቅፍም፣ ውሃ ይይዛል። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ድንችና የዳፎዲል አበባ እንደ ልብ ይበቅልበታል። በ1848 ባቡር ሲገባ ምርቱ ለንደን ድረስ ትኩሱን መድረስ ቻለ። ጎመን ግን እንደ ስንዴ በማሽን ታጭዶ አያልቅም፤ የሰው እጅ ይፈልጋል፣ እጁም የሚፈለገው ለተወሰኑ ወራት ነው። አርሶ አደሩ ለእነዚያ ወራት ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ መቅለብ አይፈልግም። ስለዚህ በመካከል ደላላ ገባ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ደላላው ሴቶችንና ሕፃናትን በቡድን እየሰበሰበ፣ ከእርሻ እርሻ እየነዳ፣ ከደመወዛቸው እየቆረጠ ያሠራቸው ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ፓርላማ በ1867 ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእነዚህ ቡድኖች እንዳይሠሩ የሚከለክል ሕግ እስከ ማውጣት ደረሰ። ወቅት እየጠበቁ የሚመጡ አየርላንዳውያንም ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በየማለዳው ከከተሞች በአውቶቡስ የሚጫኑ ሴቶች ይሠሩ ነበር። ደላላው ግን በየዘመኑ አለ። በአማርኛ ደላላ እንበለው እንጂ በእንግሊዝ ሕግ ስም ያለው፣ ፈቃድ የሚያወጣ አሠሪ ነው። ፈቃድ ማውጣት ግዴታ የሆነውም በ2004 ሞርካም በሚባለው ሌላ የባሕር ወሽመጥ ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩ 23 ቻይናውያን በማዕበል ተወስደው ካለቁ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ፖላንድ፣ ሊትዌኒያ፣ ላትቪያና ሌሎች አገሮች የአውሮፓ ኅብረትን ተቀላቀሉ። ከነባሮቹ አባል አገሮች የሥራ ገበያቸውን ከመጀመሪያው ቀን የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። የብሪታንያ መንግሥት የሚመጣው ሰው ጥቂት ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ግምቱ በጣም ሳተ። በ2001 ወደ 56 ሺህ ይጠጋ የነበረው የቦስተን ወረዳ ሕዝብ በ2011 ወደ 65 ሺህ ተጠጋ። ከብሪታንያ ውጭ የተወለደው ነዋሪ ቁጥር በእነዚያ አሥር ዓመታት ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ፤ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ያህል የጨመረ ሌላ ወረዳ አልነበረም።

ሥራው ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው። ሊነጋ ሲል ሚኒባሶች ከየመንገዱ ጥግ ሰው ይጭናሉ። እርሻው ላይ ትራክተር በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል፤ ከኋላው እንደ ክንፍ የተዘረጋ ማሽን ይጎትታል። ቆራጮቹ ከማሽኑ ጋር እኩል እየተራመዱ ያጎነብሳሉ። አበባ ጎመኑን በግራ እጅ ይይዙታል፣ በቀኙ ቢላዋ ግንዱን ይመቱታል፣ ነጩ እንዳይላላጥ ጥቂት ቅጠል አስቀርተው ሌላውን ያራግፉታል፣ ማሽኑ ላይ ያስቀምጡታል። ማሽኑ ላይ የቆሙት ያሽጉታል፤ የሱፐርማርኬቱ ምልክትም እዚያው ይለጠፍበታል። ትራክተሩ አይቆምም። ዝናብ ቢዘንብም አይቆምም፤ የፈረንጆች ገና ሲደርስ፣ ብራስልስ የሚሏት የዋልኑት ፍሬ የምታክል ጎመን በምትፈለግበት ሰሞን፣ እንዲያውም ይብሳል። ይህን ሥራ «ፈረንጁ ሰንፎ ትቶት ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ከስንፍና ጋር ብዙ አይገናኝም። ነገ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ማታ በስልክ መልእክት የሚነገረው ሰው የቤት ዕዳ መክፈል፣ ልጅ ማሳደግ አይችልም። ወጣቱና ለጥቂት ዓመት ገንዘብ ላጠራቅም ብሎ የመጣው ግን ይችላል።

ትርፉ የት ሄደ? አብዛኛው ወደ ሱፐርማርኬቶቹና ወደ ሸማቹ፤ በለንደንና በማንቸስተር ያለ ቤተሰብ ርካሽ ጎመን በላ። ከፊሉ ለአርሶ አደሩ፣ ለደላላውና ለቤት አከራዩ ደረሰ። በቦስተን የቀረው ለሦስት ሰው በተሠራ ቤት ስምንት ሰው፣ የተጨናነቀ ሆስፒታል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ልጆች የሞሉት ክፍልና ከፍ የማይል ደመወዝ ነው። የማዕከላዊው መንግሥት በጀት ሕዝብ ቆጠራን ተከትሎ ስለሚመጣ ከሰው ቁጥር ኋላ እየተንቀረፈፈ ይደርሳል። የነዋሪው ቅሬታ ግን ከድንበርና ከሉዓላዊነት በፊት የመንገድ ነበር። በ2007 የከተማ ዳር መንገድ ይሠራልን የሚል አጀንዳ ብቻ ይዞ የተነሣ የአካባቢ ፓርቲ ከ32ቱ የወረዳው ምክር ቤት መቀመጫዎች 25ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መንገዱ ዛሬም አልተሠራም። ያን ጊዜ ሰሚ ቢገኝ ኖሮ የ2016ቱ ቁጥር 75.6 ይደርስ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

ከድምፁ በኋላ

ነፃ የሠራተኞች ዝውውር በ2020 መጨረሻ ቆመ፤ ጎመኑ ግን መብቀሉን አላቆመም። መንግሥት በ2019 በ2,500 ቦታ ለሙከራ የጀመረውን የወቅታዊ ሠራተኛ ቪዛ በ2020 ወደ 10 ሺህ፣ በ2021 ወደ 30 ሺህ፣ በ2023 ወደ 45 ሺህ አሳደገው፤ ይህ ለመላ አገሪቱ ነው። መጀመሪያ የሚመጡት በአብዛኛው ዩክሬናውያን ነበሩ። ጦርነቱ ሲነሣ ቀጣሪዎቹ ወደ ኔፓል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኪርጊስታንና ታጂኪስታን ዞሩ። ከቪዛው ክፍያና ከአውሮፕላን ትኬቱ በላይ በአገራቸው ላለ ደላላ ከፍለው፣ ዕዳ ተሸክመው የደረሱ ኢንዶኔዥያውያን ጉዳይ በ2022 በብሪታንያ ጋዜጦች በሰፊው ተዘግቧል።

በእኔ እይታ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የ2004ቱ ሊትዌኒያዊ ጎመን ሲቆርጥ ከርሞ፣ ሥራው ሲመረው ፎርክሊፍት መንዳት ተምሮ መጋዘን መግባት ይችል ነበር። ሚስቱን ያመጣል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ዌስት ስትሪት ላይ ሱቅ ይከፍታል። በዚያ ጎዳና የሚታዩት በጢስ የደረቀ ዓሣ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያርና ጥቁር የአጃ ዳቦ የሚሸጡ ሱቆች እንዲህ ነው የተከፈቱት። አዲሱ ቪዛ የሚሰጠው ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ቤተሰብ ማምጣት አይቻልም፣ ከወቅታዊ የእርሻ ሥራ ሌላ መግባት አይቻልም፣ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድም አያበቃም። ድምፅ ሰጪው ቅር ያለው ከተማው ማንነቱን አጣ፣ ጎረቤቴን አላውቀውም ብሎ ከሆነ፣ የተሰጠው መልስ ጭራሽ ሊታወቅ የማይችል፣ በየስድስት ወሩ የሚቀያየር ጎረቤት ነው። ሠራተኛው አልቀረም፤ የቀረው የመጻተኛው ነዋሪ የመሆን ዕድል ነው።

ፖለቲካውም ይህን አልፈታም። በሐምሌ 2024 ምርጫ የአካባቢው የፓርላማ ወንበር ከወግ አጥባቂዎቹ ተነጥቆ ስደት ይገደብ ለሚለው የሪፎርም ፓርቲ ሰው ለሪቻርድ ታይስ ተሰጠ፤ በግንቦት 2025 ያው ፓርቲ የሊንከንሻየርን ምክር ቤትና አዲሱን የታላቋ ሊንከንሻየር ከንቲባነት ወሰደ። ፓርቲው ስለ ድንበር አብዝቶ ይናገራል። የአበባ ጎመኑን ዋጋ ማን ይክፈል ስለሚለው ግን ከእርሱም ሆነ ከተፎካካሪዎቹ ብዙ አይሰማም። ለአገሬው ሰው የሚበቃ ደመወዝ ይከፈል ከተባለ ጎመኑ ይወደዳል፤ ወይም ከስፔን ይመጣል፤ ወይም ሮቦት ይቆርጠዋል። ሮቦቱ እየተሞከረ ነው፤ የደረሰውን ካልደረሰው ለይቶ ሳያቆስል የሚቆርጥ እጅ መሥራት ግን ከተገመተው በላይ አስቸግሯል።

ገበያውስ? የረቡዕና የቅዳሜው ድንኳን አሁንም ይተከላል፣ በግንቦትም ዓመታዊው የመዝናኛ ትርዒት አደባባዩን ይሞላዋል። በዙሪያው ያሉ ትልልቅ መደብሮች ግን እንደ ሌሎቹ የእንግሊዝ የገበያ ከተሞች አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በ2019 ሄዷል። ምክንያቱ የመስመር ላይ ግብይትና የኪራይ ዋጋ እንጂ ስደተኛ አይደለም፤ ባዶ ከሚቀሩት ቤቶች አንዳንዶቹን የተከራዩት እንዲያውም የምሥራቅ አውሮፓ ባለሱቆች ናቸው። መንግሥት ለከተማ ማደሻ ከ20 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መድቧል። ከዚያ የሚበልጠው ገንዘብ የፈሰሰው ግን በውሃው ላይ ነው። በዲሴምበር 5 ቀን 2013 የባሕሩ ሙላት ከተማዋን ጥሶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይቀር ከገባ በኋላ፣ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የወጣበት የብረት መዝጊያ በወንዙ ላይ ተሠርቶ በ2020 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። ለውሃው ዕቅድ፣ መሐንዲስና በጀት ተገኝቷል። በዚያው ዘመን ለመጣው ሰው ግን ቤትና ትምህርት ቤት የሚያቅድለት አልነበረም።

የወቅታዊ ሠራተኛ ቪዛው እስከ 2029 እንዲቀጥል ተወስኗል፤ ለ2025 ለአትክልትና ፍራፍሬ 43 ሺህ ቦታ ተፈቅዶ ነበር። መንግሥት ቁጥሩን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እቀንሳለሁ ብሏል። አምራቾቹ ደግሞ ከአሁኑ የሚጠይቁት ቁጥሩ ሳይሆን ጊዜው እንዲራዘምላቸው ነው፤ ስድስት ወር ሠራተኛውን አሠልጥኖ ለመጠቀም አይበቃንም ይላሉ። ስድስቱ ወር ዘጠኝ ቢሆን፣ ዘጠኙም ዓመት ቢሆን፣ በ2004 ሳይመለስ የታለፈው የቤትና የትምህርት ቤት ጥያቄ እንደገና ቦስተን ምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ይመጣል።